የቀለህ አንገት መላጊያ፦ የትኛውን ልግዛ?

ከዴንቨር የተላከልኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። «ጋሼ፣ .308 ዊንቸስተር የሚተኩስ የፋብሪካ ጠመንጃ አለኝ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ጥይቴን ራሴ ነው የምሞላው። 100 ያርድ ላይ አምስት ጥይት አንድ ኢንች አካባቢ ይሰበሰብልኛል። አልፎ አልፎ ግን አንዷ ብቻዋን ትወጣለች። የክለብ ጓደኛዬ የቀለሁን አንገት ብታስተካክለው ግሩፕህ (ጥይቶቹ የሚያርፉበት ስፋት) በግማሽ ይጠባል፣ የቀለሁም ዕድሜ ይረዝማል አለኝ። ሦስት መሣሪያ አይቻለሁ። አንዱ ፎርስተር ርዝመት መቁረጫ ላይ የሚገጠም ነው፣ ሁለተኛው የኬ ኤንድ ኤም የእጅ መሣሪያ፣ ሦስተኛው የትዌንቲ ፈርስት ሴንቸሪ ትንሽ ቶርኖ። ቀለሆቼ ከተኩስ ሜዳ የተለቀሙ ናቸው፤ ሌክ ሲቲ፣ ፌደራል፣ ዊንቸስተር ድብልቅ። የትኛውን ልግዛ?»

ለጊዜው አንዱንም አትግዛ። መግዛት ያለብህ ቀን ሊመጣ ይችላል፤ ያን ቀን የቱን እንደምመርጥልህ ከታች እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ግን ጓደኛህ የነገረህን እናጥራ። ግማሹ እውነት ነው፣ ግን የሌላ ጠመንጃ እውነት ነው።

በስም እንስማማ። ቀለህ ባሩዱን የሚይዘው የናስ ቀፎ ነው፤ አንገቱ ደግሞ አረሩን የሚጨብጠው ጠባብ ጫፉ ነው። እንግሊዝኛው ኔክ ተርኒንግ የሚለውን እኔ አንገት መላግ ነው የምለው፤ አናጢ እንጨት እንደሚልገው ማለት ነው። ከቀለሁ አንገት ላይ፣ ከውጭ በኩል፣ ስስ የናስ ቅርፊት እየገፈፉ ውፍረቱን ዙሪያውን እኩል ማድረግ ነው። ርዝመት መቁረጥ ሌላ ሥራ ነው። አንገቱን ከውስጥ በሪመር፣ ቀዳዳ በሚያሰፋ ስለት፣ መሞረድም ሌላ ነው። ሪመር ያለውን ቀዳዳ ተከትሎ ነው የሚሄደው። ቀዳዳው ከመሃል የወጣ ከሆነ እንደወጣ ትልቅ ያደርገዋል እንጂ አያቃናውም። ብዙ ሰው ሦስቱን ያምታታል፣ ከዚያ የማይፈልገውን ዕቃ ገዝቶ ጋራዥ ውስጥ ያስቀምጣል።

አሁን ወደ ቁጥር እንግባ። በዚህ ሥራ የምንናገረው በሺኛ ነው። አንድ ሺኛ 0.001 ኢንች ነው፣ ወደ 0.025 ሚሊሜትር ማለት ነው። ያንተ አረር 0.308 ኢንች ነው። የቀለህህ አንገት ግድግዳ 15 ሺኛ ተኩል አካባቢ ነው እንበል። በሁለት ወገን ስትደምረው 31 ሺኛ ይሆናል። ስለዚህ የተሞላው ጥይት አንገት ላይ 0.339 ኢንች ነው። የአሜሪካ የጠመንጃና የጥይት አምራቾች ማኅበር፣ ሳሚ የሚሉት፣ ለ.308 የፈቀደው ትልቁ የጥይት አንገት 0.3435 ነው። የፋብሪካ ቻምበር (ጥይቱ የሚጎርስበት የጠመንጃው ክፍል) ደግሞ ያን ትልቁን ጥይት ሳይቀር እንዲያጎርስ ተደርጎ ነው የሚቆፈረው፤ አንገቱ ላይ ከ0.344 ይበልጣል። ቀንሰው። ጥይትህ አሁንም፣ ምንም ሳትልገው፣ ቢያንስ አምስት ሺኛ ክፍተት አለው። ሰፊ ቤት ውስጥ ነው ያለው። አንገቱን ስትልገው ቤቱን ይበልጥ ታሰፋበታለህ።

ታዲያ ይህ ጣጣ ከየት መጣ? ከቤንችረስት ተኳሾች ነው። እነዚህ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አምስት ጥይት በአንድ ቀዳዳ ለማስገባት የሚፎካከሩ ናቸው። በ1975 ሉ ፓልሚሳኖና ፌሪስ ፒንደል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የ.220 ራሺያንን ቀለህ ወስደው 6 ፒፒሲ የሚባለውን ጥይት ሠሩ። በዚህ ስፖርት ለረጅም ዘመን ነግሦ ቆይቷል። የእነሱ ቻምበር አንገት አብዛኛውን ጊዜ 0.262 ኢንች ነው። የቀለሁ አንገት ካልተላገ በስተቀር ጥይቱ ጭራሽ አይጎርስም። ስለዚህ ይልጋሉ፤ ግድግዳውን ወደ ስምንት ሺኛ ተኩል ያወርዱታል፣ ከ0.243 አረር ጋር 0.260 ይሆናል። ሁለት ሺኛ ክፍተት ቀረ። ጥይቱ ገና ከመተኮሱ በፊት በቻምበሩ መሃል ልክ ተቀምጧል። መላግ ውጤት የሚሰጠው ቻምበሩም፣ ዳዩም (የተተኮሰውን ቀለህ አጥብቦ ወደ ልኩ የሚመልሰው ቅርጽ ማውጫ)፣ ቀለሁም አብረው ለዚያ ሲሠሩ ነው። ጓደኛህ ከዚያ ዓለም አንዷን ቁራጭ አንስቶ ነው የሰጠህ።

ይህን ስል መላግ ለፋብሪካ ጠመንጃ ፈጽሞ አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። አንገቱ በአንድ በኩል 14 ሺኛ፣ በሌላው 16 ሺኛ ከሆነ፣ ወፍራሙ ወገን አረሩን ከመሃል ይገፋዋል። አረሩ ወደ አፈሙዙ ጠመዝማዛ ሲገባ ትንሽ ዘንበል ብሎ ይገባል። በተጨማሪ አረሩን የሚይዝበት ጥብቀት ዙሪያውን እኩል አይሆንም። ይህ እውነተኛ ችግር ነው። ግን ከመላግ የረከሰ መፍትሔ አለው፤ ጥሩ ቀለህ መግዛት። ላፑዋን የመሰለ በጥንቃቄ የሚሠራ ፋብሪካ የሚያወጣው ቀለህ አንገቱ ላይ ያለው ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሺኛ አይበልጥም። ሌላ ሰው በማሽን የጨረሰልህን ሥራ አንተ ቅዳሜህን ሰውተህ በእጅ አትድገመው።

ብዙም የማይነገር ሌላ ነገር አለ። የአንገቱ ውፍረት የተዛባ ቀለህ አብዛኛውን ጊዜ ሆዱም የተዛባ ነው፤ ሁለቱም ከአንዱ ናስ በአንድ ላይ ተስበው ነውና የወጡት። በአንድ ጎኑ የሳሳ ሆድ ሲተኮስ በዚያ በኩል ይበልጥ ይለጠጣል፣ ቀለሁም ትንሽ እንደ ሙዝ ይጎብጣል። አንገቱን ልገህ ብታሳምረው ሆዱ እንዳለ ነው። ከንፈሯን ተቀብታ ጥርሷ የሚያማት ሴት አይነት ነገር ነው። እንዲህ ያለውን ቀለህ ለይተህ ለልምምድ አስቀምጠው።

አሁን ስለዚያች ብቻዋን ስለምትወጣ ጥይት። እኔ የምጠረጥረው አንገቱን አይደለም፣ ድብልቁን ነው። ልጅ ሆነን ቀለህ ሁሉ ለእኛ አንድ ነበር፤ አፉ ላይ ተነፍቶ የሚያፏጭ ነገር። ለጥይት ሙላት ግን የሌክ ሲቲ ወታደራዊ ቀለህና የዊንቸስተር የገበያ ቀለህ የአንድ እናት ልጆች አይደሉም። የ7.62 ወታደራዊ ቀለህ፣ የ.308 ወታደራዊ አቻ የሆነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳው ወፈር ይላል፣ ከባድም ነው። ከውጭ መጠኑ እኩል ሆኖ ውስጡ ይጠባል። ስለዚህ ያው መጠን ባሩድ እዚያ ውስጥ ሲነድ ግፊቱ ይጨምራል፣ ፍጥነቱም ይለያል። ከመትረየስ የወጣ ከሆነ ደግሞ ቀድሞ ተለጥጧል፤ ስንቴ እንደተተኮሰም አታውቅም። አንድ ሳጥን ውስጥ ሦስት ዓይነት ቀለህ ቀላቅለህ አንዷ ስትወጣ ጥፋቱን ለአንገት መስጠት ትንሽ ግፍ ነው። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ በገበያ ቀለህ ላይ ያገኘኸውን ከፍተኛ የባሩድ መጠን በወታደራዊው ላይ እንዳለ አትጠቀም። ዝቅ ብለህ ጀምር፣ እያየህ ውጣ።

«ዕድሜው ይረዝማል» የሚለው ደግሞ ላንተ ሁኔታ የተገላቢጦሽ ነው። የቀለህ ናስ 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ ነው። በተለጠጠና በተጨመቀ ቁጥር እየጠነከረ ይሄዳል፣ በመጨረሻ አንገቱ ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ዕድሜውን የሚወስነው በእያንዳንዱ ዙር ስንት እንደሚለጠጥና ስንት መልሶ እንደሚጠብ ነው። ሰፊ ቻምበር ውስጥ ያለውን አንገት ስታሳሳው የሚለጠጥበትን ርቀት ትጨምራለህ። ከ15 ሺኛ ተኩል ወደ 13 ብታወርደው የተሞላው ጥይት 0.334 ይሆናል፣ ክፍተቱ ወደ አሥር ሺኛ ይጠጋል። ቶሎ ይጠነክራል፣ ቶሎ ይሰነጠቃል። በጠባብ ቻምበር ግን እውነት ነው፤ እዚያ የተላገ ቀለህ ብዙም ስለማይንቀሳቀስ ደጋግሞ ያገለግላል። ዕድሜ ለማርዘም ከፈለግክ አንገቱን በልኩ አሙቀህ አለስልሰው፣ ሲጠብም ከሚገባው በላይ አታጥብበው።

እሺ፣ ገንዘቡን ምን ላድርገው ካልክ፣ መጀመሪያ መለኪያ ግዛ። ካሊፐር አይደለም። ካሊፐር ሁለት ጠፍጣፋ አፉን ክብ የሆነ ግድግዳ ላይ ሲያሳርፍ የውሸት ቁጥር ይሰጥሃል። የሚያስፈልግህ አንዱ ጫፉ ክብ ኳስ የሆነ፣ እስከ 0.0001 ኢንች የሚያነብ ማይክሮሜትር ነው። ሚቱቶዮም ሆነ ስታሬት የቧንቧ ግድግዳ የሚለኩ ጥሩ ማይክሮሜትሮች አሏቸው፤ ለቀለህ ተብለው የተሠሩም አሉ። ኳሱ አንገቱ ውስጥ መግባቱን ብቻ ቀድመህ አረጋግጥ። ለ.308 ችግር የለም። በኋላ .22 መሙላት ካማረህ ግን የማይገባ ኳስ ይዘህ ልትቀር ትችላለህ።

ስትለካ የአፉን ሻካራ ጠርዝ ቀድመህ አጽዳ። ከአፉ ትንሽ ወረድ ብለህ፣ አራት ቦታ፣ በሩብ ዙር ለካ። ትልቁንና ትንሹን ጻፍ። ልዩነቱ ከአንድ ሺኛ በታች የሆነውን ለወረቀት ተኩስ አስቀምጠው። ከአንድ ሺኛ ተኩል ያለፈውን ለልምምድ። ከሁለት ሺኛ በላይ የሆነውን እኔ ለቁርጥራጭ ናስ ገዢ ነው የምሰጠው። ማይክሮሜትሩ በሌላ ሥራም ያገለግልሃል፤ መላጊያው ግን ሥራ ከሌለው ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ሁለተኛው ግዢ ማስፊያ ዘንግ ነው። ብዙ ዳይ ውስጥ ቀለሁ ሲወጣ አንገቱን ከውስጥ እየጎተተ የሚያሰፋ ኳስ አለ። ያ ኳስ አንገቱን ወደ አንድ ወገን ሊያጎብጠው ይችላል፣ በተለይ ቅባት ከሌለው። አውጣውና በምትኩ አንገቱን ከላይ ወደ ታች እየገፋ የሚያሰፋ ቀጥ ያለ ዘንግ ተጠቀም። ብዙ ሰው በመላግ አገኘሁት የሚለው ለውጥ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከዚህ ዘንግ የመጣ ነው። ለመላግ ሲል ማስፋት ነበረበት፣ ሲያሰፋ አንገቱ ቀና፣ ምስጋናው ግን ለስለቱ ሆነ።

ታዲያ መላግ የግድ የሚሆነው መቼ ነው? አንደኛው ጠባብ አንገት ያለው ቻምበር ሲኖርህ ነው። እንዲህ ያለ አፈሙዝ ላይ ሠሪው የአንገቱን ልክ አብዛኛውን ጊዜ ይቀርጽበታል። ሁለተኛው አንዱን ቀለህ ወደ ሌላ ስትቀይር ነው። የ.308ን ቀለህ አጥብበህ .243 ዊንቸስተር ልታደርገው ትችላለህ፤ .243 ራሱ በ1955 የወጣው ከዚሁ ቀለህ ነው። ችግሩ ናሱ የትም አይሄድም። አንገቱ ሲጠብ ግድግዳው ይወፍራል። የተሞላው ጥይት ከቻምበሩ ጋር ሊጣበቅ ይችላል።

እዚህ ላይ ቆም በል፤ ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዝ ከሆነ ይህን ያዝ። ጥይት ሲተኮስ አንገቱ ወደ ውጭ ሰፍቶ አረሩን መልቀቅ አለበት። የሚሰፋበት ቦታ ከሌለው አረሩ እንደተቆለፈ ግፊቱ ይጨምራል። ያ ጠመንጃም ይሰብራል፣ ሰውም ይጎዳል። እኔ ከሁለት ሺኛ በታች የሆነ ክፍተት ለማንም አልመክርም፤ ለአብዛኛው ሰው ሦስትና አራት ሺኛ ይሻላል። ቀላል ፈተና አለ። ባንተ ጠመንጃ የተተኮሰ፣ ገና ዳይ ውስጥ ያልገባ ቀለህ ውሰድ። አዲስ አረር በጣትህ አንገቱ ውስጥ ጣል አድርግ። ያለ ግፊት ሸርተት ብሎ መግባት አለበት። አልገባ ካለ መጀመሪያ አፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ እንደሆነ እይ። አልታጠፈም፣ አሁንም አይገባም? ያን ዓይነት ቀለህ ከእንግዲህ አትሙላ፤ አንገቱ ወፍሯል ወይም ቻምበሩ ጠቧል።

የመግዛቱ ቀን መጣ እንበል። ከሦስቱ ምርጫዎችህ ፎርስተር ላይ የሚገጠመው ርካሽና ጠንካራ ነው፤ መቁረጫው ካለህ የምትጨምረው ጥቂት ነው። ድካሙ ቀለሁን ከግርጌው ጨብጦ መያዙ ላይ ነው። ቀለሁ ትንሽ ከጎበጠ ወይም ጠርዙ ካልተስተካከለ፣ ግርጌው ወደ አንድ ወገን፣ አንገቱ ውስጥ የሚገባው የመላጊያው ዘንግ ወደ ሌላ ወገን ይጎትቱታል። አንገቱ ግራ ተጋብቶ ይላጋል። ለወፍራም ቀለህ መቀነሻ ጥሩ ነው። በግማሽ ሺኛ ለሚጨነቅ ሰው አይሆንም።

የኬ ኤንድ ኤም ዓይነት የእጅ መሣሪያ ሌላ ሐሳብ ነው። መሣሪያውን በአንድ እጅ ትይዘዋለህ፣ ቀለሁ በሌላው እጅ መያዣ ላይ ይዞራል። ሁለቱም እጅ ላይ ስለሆኑ ማንም ማንንም አያስገድድም። ቀለሁ ራሱ ዘንጉን ፈልጎ ይከተላል። ቶርኖ ላይ ያደግን ሰዎች ይህን መጀመሪያ ስናይ እንስቃለን፤ ሁሉንም ነገር አጥብቀህ እሰር ተብለን ነው የተማርነው። እዚህ ግን የሚመራው ዘንጉ ነው። ሌላው ሁሉ ልቅ ሲሆን ይሻላል። ትንሿ ቶርኖ በጣም የምታምር ዕቃ ናት። እጅ አይደክምም፣ ስለቱ የሚገፋበት ፍጥነት እኩል ነው፣ የሚወጣው ገጽ ይጠራል። በዓመት ብዙ መቶ ቀለህ የሚልግ ሰው ትገባዋለች። አንተ በዓመት መቶ ብትልግ ነው። ለውበቷ ከሆነ ሌላ ነገር፣ አልከለክልህም።

ግን የምርቱ ስም ላይ ብዙ አትጨነቅ። ሥራውን የሚያበላሸውም የሚያሳምረውም በዘንጉና በአንገቱ መካከል ያለው መገጣጠም ነው። ስለቱ ከዘንጉ ያለው ርቀት ነው የግድግዳው ውፍረት የሚሆነው። አንገቱ ዘንጉ ላይ ከላላ እየተወላገደ ይላጋል፤ አንዱ ጎን ይሳሳል። ከጠበቀ ይሞቃል፣ ይነክሳል። ለዚህ ነው አንገቱ መጀመሪያ በማስፊያ ዘንግ የሚሰፋው። በጥቅሉ ማስፊያው ዘንግ ከአረሩ አንድ ሺኛ ያህል ያንሳል፣ የመላጊያው ዘንግ ደግሞ ሁለት ሺኛ ያህል። ናሱ ከሰፋ በኋላ ትንሽ መልሶ ይሰበሰባል፣ ያኔ መላጊያው ላይ በልኩ ይቀመጣል። ትክክለኛው ስሜት፣ ቅባት ነክተህ ቀለሁን በሁለት ጣት ስታዞረው ይዞራል፣ ስትወዘውዘው ግን አይወዛወዝም። እያንዳንዱ አምራች የራሱ ልክ አለው። ስለዚህ ማስፊያና መላጊያ ከአንድ አምራች ግዛ። የአንዱን ከሌላው ቀላቅለህ «መሣሪያው ደህና አይደለም» የሚል ብዙ ሰው አውቃለሁ።

ዘንጉ ካርባይድ፣ ከብረት በጣም የሚጠነክረው ቅይጥ፣ ይሁን። የብረቱ ይረክሳል፣ ግን ናስ ብረት ላይ ይጣበቃል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ቅባት ቆጥቤ አሥራ ምናምነኛው ቀለህ ዘንጉ ላይ ነክሶ ቀረብኝ። በፒንሳ ሳወጣው ቀለሁም ተጣመመ፣ ዘንጉም ተጫረ። ከዚያ በኋላ በዚያ ዘንግ የተላገ ሁሉ ከውስጥ ጭረት ይዞ ይወጣ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ግን ካርባይድ ቢሆን ይታገሠኝ ነበር።

የስለቱ ማዕዘንም ይታሰብበት። አንገት ከትከሻ ጋር የሚገናኝበት ቦታ በትከሻው ማዕዘን ነው የሚላገው። የ.308 ትከሻ 20 ዲግሪ ነው፣ የ.243ም እንዲሁ። ነገ 6.5 ክሪድሙር ከገዛህ 30 ዲግሪ ነው፤ ሌላ ስለት ይፈልጋል። ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» ቢልህ አትስማው።

አሠራሩ ላይ ብዙ አልቆይም፣ አንዳንድ ነገር ብቻ። መጀመሪያ ሁሉንም ቀለህ እኩል ርዝመት ቁረጣቸው፤ በእነዚህ የእጅ መሣሪያዎች ስለቱ የሚቆመው የቀለሁ አፍ ዘንጉ ላይ ካለው ማቆሚያ ጋር ሲጋጠም ነው። አንዱ ቀለህ በአምስት ሺኛ ካጠረ ስለቱ ትከሻው ውስጥ በዚያው ልክ ይገባል። ከዚያ ማስፋት። ከዚያ አንገቱን ከውስጥ መቀባት፤ ለዳይ የሚሆነው ሰም ይበቃል። ስለቱን በማትፈልገው ቀለህ ላይ አስተካክል፣ ሦስትና አራት ለማበላሸት ተዘጋጅ። በኤሌክትሪክ መፍቻ የምታዞር ከሆነ ዝግ አድርገው። ዓይንህን በመነጽር ሸፍን፤ የናሱ ቅርፊት ቀጭን መርፌ ነው።

ሙቀትን አትናቅ። አዲስ አበባ ቶርኖ ስማር አለቃችን ገና የሚሞቅ ብረት ለክቼ ሲያገኘኝ ማይክሮሜትሩን ከእጄ ይነጥቀኝ ነበር። እዚህም ያው ነው። ደጋግመህ ስትልግ ዘንጉም፣ የመሣሪያው ገላም ይሞቃል፣ በስለቱና በዘንጉ መካከል ያለው ርቀት ይለወጣል። የመጀመሪያውና የሠላሳኛው ቀለህ ውፍረት አይገናኝም። በየጥቂቱ አሳርፈው፣ በየአምስት ቀለሁ ለካ። ብዙ ናስ የምታነሳ ከሆነ በአንድ ጊዜ አታንሳው፤ አንዴ ጠለቅ አድርገህ፣ ሁለተኛውን ለማሳመር ስስ አድርገህ።

ለፋብሪካ ጠመንጃ ልክ የሆነው ልግ ከፍተኛውን ቦታ ብቻ የሚነካ ነው። ከአንገቱ ዙሪያ ሦስት አራተኛው ያህል ሲያብረቀርቅ፣ የቀረው አሮጌ ቀለሙን እንደያዘ ሲቀር፣ አቁም። ሙሉ በሙሉ ካላበራ የሚጨንቃቸው ሰዎች አሉ። ለዓይን ብለው ናስ ይጥላሉ።

ትከሻው ጋ ስትደርስ ስለቱ ትከሻውን ለአመል ያህል ነክቶ ይመለስ። ይህን ካላደረግክ አንገቱ ሥር ያልተላገ ቀለበት ይቀራል። ከጊዜ በኋላ ያ ወፍራም ናስ ወደ ውስጥ ይገፋና ተኳሾች ዶናት የሚሉት እብጠት ይሆናል። አረርህ ጠልቆ ከተቀመጠ እዚያ ላይ ይጨመቃል፣ ጥብቀቱ ከጥይት ጥይት ይለያያል። ለኬ ኤንድ ኤም ጫፉ ላይ ይህን እብጠት ከውስጥ የሚቆርጥ ካርባይድ ዘንግም አለ። በሌላ በኩል ስለቱ በጣም ከገባ መገናኛው ይሳሳል፣ አንገቱም ከዚያ ይቆረጣል። በጥፍርህ ስትነካው እርከን የሚሰማህ ከሆነ አልፈሃል።

ከላግህ በኋላ ዳይህ እንደድሮው አይሠራም። ቡሽንግ (አንገቱን የሚያጠብ፣ በልኩ የሚቀየር ቀለበት) ያለው ዳይ ከሆነ አዲሱን የተሞላ ጥይት አንገቱ ላይ ለካና ሁለት ሺኛ ቀንስ። ቀድሞ 0.339 ሆኖ በ0.337 ቡሽንግ ታጠብብ ከነበር፣ ልገህ 0.337 ከሆነ ቡሽንግህ 0.335 ይሆናል። ይህን ረስቶ አረሩ በጣት ሲገፋ ወደ ውስጥ የሚሰምጥ ጥይት የሞላ ሰው አይቻለሁ። የሰመጠ አረር ግፊት ይጨምራል፤ ቀልድ አይደለም። ጥብቀቱ በተለወጠ ቁጥርም የባሩዱን መጠን ዝቅ አድርገህ እንደገና ጀምር።

የሕጉን ነገር በአንድ መስመር ልለፈው። አሜሪካ ውስጥ ለራስ መሙላት የፌዴራል ፈቃድ አይጠይቅም፤ ሞልቶ ለመሸጥ ግን ይጠይቃል። ሌላ አገር ሆናችሁ የምታነቡ መጀመሪያ የምትኖሩበትን ሕግ እዩ።

ስለዚህ ላንተ የምለው ይህ ነው። የተለቀመውን ድብልቅ ለልምምድ በየስሙ ለየው። መቶ አዲስ ቀለህ ከአንድ ጥሩ ፋብሪካ፣ ከአንድ ምርት፣ ግዛ። ኳስ አፍ ማይክሮሜትርና የ.308 ማስፊያ ዘንግ ጨምርበት። ባሩዱን ከታች ጀምረህ አንድ መጠን ላይ ስትረጋ ሃያ ጥይት ከአዲሱ፣ ሃያ ከድሮው ድብልቅ ሙላ። ድብልቁን በዚያ መጠን አትሙላው፣ ለራሱ በሠራኸው ዝቅተኛ መጠን ይሁን። የትኛው የቱ እንደሆነ ሳታይ ሌላ ሰው እያቀበለህ፣ በአምስት በአምስት ተኩስ። በአንድ የሦስት ጥይት ግሩፕ ምንም አትወስን፤ ሦስት ጥይት በዕድልም ይሰበሰባል።

ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም እጅህ ከበላህ የኬ ኤንድ ኤሙን የእጅ መሣሪያ ግዛ። ካርባይድ ዘንግ፣ የራሱ ማስፊያ፣ 20 ዲግሪ ስለት ይሁን። ፎርስተሩን እለፈው፣ ቶርኖዋን አቆያት።

አፈሙዝ ለማስቀየር ካሰብክ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል። መሣሪያ ከመግዛትህ በፊት ጠመንጃ ሠሪውን ቻምበሩን የሚቆፍርበትን የሪመሩን ሥዕል ጠይቀው። የገዛኸው ቀለህ ሳይላግ የሚገባበት፣ ሦስት ወይም አራት ሺኛ ክፍተት የሚተው አንገት ቢቆፍርልህ፣ መላጊያ ጭራሽ ላያስፈልግህ ይችላል። ሥዕሉ ሲደርስህ የአንገቱን ቁጥርና የአሥር ቀለህ ልኬት ላክልኝ፤ ያኔ ስንት ሺኛ እንደሚነሳ፣ ወይም እንደማይነሳ፣ በቁጥር እናወራለን።